ጉዳዩ፦ ቶሎ እንድትመለሺ ስለማሳሰብ

ለእህቴ ልጅ፣
ቶኪዮ

ዕድሜውን መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታ አያስቀድምም፤ ጉዳዩን ጽፎ ከሥሩ ያሰምርበታል። ሰላምታው ገጽ ከተረፈ ይገባል። የላክሽውን የቴሌግራም ድምፅ እናትሽ ለሳሪስ ሰው ሁሉ አሰምታ ስታበቃ ለእኔም ደረሰኝ። ማስተርስሽን ጨርሰሻል፤ አንድ ኩባንያ «ናይቴይ» የሚሉትን የቅጥር ቃል ሰጥቶሻል፤ ኤፕሪል 1 ሥራ ግቢ ተብለሻል። ጥያቄሽ «አጎቴ፣ ልቅር ወይስ ልምጣ?» የሚል ነው። እናትሽ አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ ብዕሬን እያየች ነው። መልሴም አጭር ነው፤ ነይ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል፤ ቀጭን ፋይል ይዞ የሄደ ባለጉዳይ የትም እንደማይደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ ያሳዘነኝ የተቀጠርሽበት አኳኋን ነው። ተማሪው ገና አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ማርች 1 ላይ ኩባንያዎቹ ራሳቸውን ማስተዋወቅ ይጀምራሉ፤ ጁን 1 ቃለ መጠይቁ ይከፈታል፤ ኦክቶበር 1 ቃሉ በወረቀት ይሰጣል፤ ኤፕሪል 1 የሀገሩ ምሩቅ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሥራ ይገባል። ቀኑን የሚሰርቁ ኩባንያዎች አሉ ብለሽኛል። ምስኪኖች! ሲሰርቁ እንኳ የሚሰርቁት ቀን ነው። ደግሞ አመልካቹ ሁሉ ጥቁር ሱፍ በነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አንድ ዓይነት አበጥሮ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተሰልፎ ይገባል። ያን ሁሉ ፎርም ሞልተሽ፣ ያን ሁሉ ፈተና ተፈትነሽ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ እንኳ «የማን ልጅ ነሽ?» አላለሽም። «ምን መማር ትፈልጊያለሽ? የጎደለውን እኛ እናስተምርሻለን» አሉሽ። ጎዶሎ ሰው አውቆ መቅጠር! እኛ ዘንድ ሰው የሚቀጠረው ሞልቶ ነው፤ አዲስ ምሩቅ ሲፈለግ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል፣ እሱም ከየትም ብሎ ይዞ ይመጣል።

እኛ ሰው ወዳዶች ነን። መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሰው አለሽ?» ብለን ነው። ሰው ያለው ሜዳ ላይ አይወድቅም። ሰው የሌለው ደግሞ አራት ኪሎ ወጥቶ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክፍት የሥራ ቦታ ያነባል። ብዙ ጊዜ ቦታው ክፍት የሆነው የገባው ሰው በሩን ሳይዘጋ ስለተቀመጠ ነው፤ ይህ የአስተዳደር ችግር እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የክፍለ ከተማችንን ስም ደግሞ አትርሺ። ሽቦ የሌለው የሬዲዮ ስልክ ጣቢያ ስለነበረበት ንፋስ ስልክ ተባለ ይላሉ። ጣቢያው ታሪክ ቢሆንም አሠራሩ ሥር ሰድዶ ቀርቷል፤ የሥራ ወሬ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት በነፋስ ይመጣል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያወቀ ሰሌዳ ሲያነብ አይታይም። የማያውቀው ያነባል፤ ማንበብ ደግሞ መልካም ልማድ ነው።

ጃፓን ደጅ የሚጠናው አበሻ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማመልከቻ አስገቢዎቹ እነሱ የነበሩበት ዘመን አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ዘለቁ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ያዩትን አሳተሙ። አብሯቸው የሄደው ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ማግባት ፈለገ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ጃፓናውያን ሴቶች አመለከቱ፤ የመኳንንት ልጅ የሆነችው ኩሮዳ ማሳኮ ተመረጠች። እንግዲህ ያኔ ናይቴይ ሰጪዎቹ እኛ ነበርን። ነገሩ በ1926 ዓ.ም. ተሠረዘ፤ የጣሊያን እጅ አለበት ተባለ። ቦታው ተገኝቶ፣ አመልካቿ ተመርጣ፣ በማይታይ እጅ መሠረዝ! ስትመጪ አሠራሩ እንግዳ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው የማነሣልሽ።

ከጃፓን መገልበጥም የጀመርነው በዚያው ዘመን ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቁ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ከፊታቸው ነበር። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ክብርና ሥልጣን የተጻፈው ክፍል ከሞላ ጎደል ተገለበጠ። ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ፋብሪካው ግን ሳይደረስ ቀረ፤ ገልባጭም ይደክመዋል። በ1946 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። መጽሐፉ በየመደርደሪያው መግባቱን መዝገብ ያሳያል። መውጣቱን የሚያሳይ ፊርማ ግን እኔ በበኩሌ አላጋጠመኝም።

አንቺን የወሰደሽ ስኮላርሺፕ በ2013 እ.ኤ.አ. ዮኮሃማ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ያወጁት ነው፤ በአምስት ዓመት 1,000 የአፍሪካ ወጣቶችን ማስተርስ ለማስተማርና በኩባንያ ውስጥ ለማለማመድ። «አቤ ኢኒሼቲቭ» ሲሉት እናትሽ ለአበበ ቢቂላ መታሰቢያ የቆመ አድርጋ ለጎረቤት ታወራለች፤ አላረምኳትም። እውነት ለመናገር የእሷ ይሻላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቶኪዮ ስታዲየም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባና ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ከዚያ ጀምሮ ቀድሞ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ሥራው መጠበቅ ሆነ። አዳራሽ በሰዓቱ የገባ የክብር እንግዳውን ይጠብቃል፤ የክብር እንግዳው ክብራቸው የሚታወቀው በዘገዩት ሰዓት ልክ ነው። ያንቺ ጃፓኖች ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የጹኩባ ኤክስፕረስ ባቡር 20 ሰከንድ ቀድሞ ቢነሣ ኩባንያው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ በትንሽ ትልቁ ይቅርታ የሚጠይቅ ተቋም ክብሩን እንዴት ይጠብቃል? እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቀው ባለጉዳዩ ነው።

የስኮላርሺፑ ሐሳብ ተመልሰሽ ለጃፓን ኩባንያዎች መንገድ አሳይ እንድትሆኚ ነበር። መልካም ነው። ብቻ መንገድ ከማሳየትሽ በፊት መንገድ የሚያሳይሽ ሰው ቦሌ ይላክልሽ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ማታ ማታ ዓይን ያጠፋል፤ የብስክሌቱ መስመር ተሠምሮ ብስክሌቱን እየጠበቀ ነው። ቤቱን በምልክት እንዳትፈልጊ፤ ምልክቶቹ ለልማት ተነሥተዋል። እነ እትዬ ጠጅ ቤት ከነበረበት ወደ ቀኝ ብትዪ ማንም አይገባውም። የድሮ ጎረቤቶቻችን ደህና ናቸው መሰለኝ። ሩቅ ስለሆኑ ድምፃቸው አይሰማም።

ቀለሙን ግን ታደንቂያለሽ። ሠፈራችን ድሮም ቀለም ፋብሪካ ያለበት ሠፈር ነው፤ አንቺ ቀለም ፍለጋ ባሕር ስትሻገሪ ገርሞኝ ነበር። እዚህ በቆርቆሮ ይሸጣል። አስፋልት ዳር የቆመ ሁሉ ቀለም እንዲኖረው ታዟል፤ ወደ ውስጥ የገባው ባይኖረው የሚጠይቀው የለም። ሁለት እጅ ይቀባና ሳይደርቅ ፎቶ ይነሣል። ደግሞም ቀለም የገባው ግድግዳ ጠባዩ ሸጋ ነው፤ ደመወዝ ይጨመርልኝ አይልም፣ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም፣ ለፓስፖርት አይሰለፍም። ቀለም የገባው ሰው ነው አስቸጋሪው። ግድግዳ ፊት አቁመሽው ቀለሙን ትቶ ስንጥቁን ያያል። ስለዚህ ስትመጪ አስፋልት ዳር ብትቆሚ ይሻላል፤ ወደ ውስጥ አትግቢ።

«ካይዘን» የሚሉት የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ እንደናፈቀሽ ሰምቻለሁ፤ እሱም እዚህ አለ። መጀመሪያ በ30 ኩባንያዎች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። አምስቱ የካይዘን «ማ»ዎች ዛሬ ያልተለጠፉበት መሥሪያ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ማጣራት ላይ ጃፓንን በልጠናል፤ ሠራተኛው ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ሳይጣራ አያድርም። ማስቀመጥም ሞልቶናል፤ ሰውየውን ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፣ ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን። ማጽዳት የትልቅ እንግዳ መምጫ ሲደርስ ይጦፋል፤ መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ ይጸዳል። ማላመድ ከሁሉ የተሳካልን ነው። ሕዝቡ ምን ያልለመደው ነገር አለ? ዘይቱን ለመደ፣ ኪራዩን ለመደ፤ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ሲያልፍም የእህል ጎተራ የሚባል ነገር እንደነበር ሳያስብ ያልፋል። የመጨረሻው ማዝለቅ ነው፤ አንዴ የተቀመጠ ይዘልቃል። ጃፓኖቹ እነዚህን አምስቱን ያስተማሩን ለዕቃ ነበር። እኛ ነን ያሳደግናቸው።

ከጃፓን መጥቶ እዚህ የሠመረለት አለ ወይ ብለሽ የጠየቅሽውን አልረሳሁም። አለ እንጂ! ሚኒባሱ። ሃያ ዓመት እዚያ ሲያገለግል ኖሮ ይመጣል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል። የትምህርት ማስረጃህን አቻ ግምት አሠርተህ አምጣ ያለው የለም። የሚደረግለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪው ቀኝ ከሆነ ወደ ግራ ይዛወራል። ያን ቀን ጋራዡ ይሞቃል፣ ይጨበጨባል፣ አዲስ ነው ይባላል። ሞተሩ ያው ነው፤ ተሳፋሪውም ያው፤ ጉድጓዱም የሚያውቀው ጉድጓድ ነው። ለአሥራ ሁለት የተሠራው ወንበር ለስንት ይበቃል ብለሽ አታስቢ፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የሰማ ሁሉ ቦታ ያገኛል። እኔ በሥራ ዘመኔ ከዚህ የሚበልጥ የዕድገት ምክር የሰጠኝ አለቃ አልነበረም። ባልጠጋ ነው መዝገብ ቤት የቀረሁት።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሳይጠጣ የሚሄደው ብቻ ነው የሚገባው። መመሪያው የወጣው ለመኪና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም የማስተርስ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለእናትሽ ስነግራት «ታዲያ ሳትበላ ልትሠራ ነው?» ብላ ነገሩን አገናኘችው። እኔ አላገናኘሁም።

ስለ እጅ መንሣታቸው የነገርሽኝ አስቆኛል። ለእኩያ 15 ዲግሪ፣ ለአለቃና ለደንበኛ 30፣ ለከባድ ይቅርታ 45። በአንዳንድ ባንክ የበታቹ ማኅተም እንኳ ወደ አለቃው ማኅተም ዘመም ተደርጎ ይረገጣል አሉ። እኛ ማኅተማችን ቀጥ ያለ ነው፤ የሚዘመው ሰውየው ነው። እነሱ ግን እጅ ነሥተው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። እጅ መንሻ የሌለበት እጅ መንሣት ምን ይባላል? ትሕትና ነው ብለሽ እንዳትመልሺልኝ፤ ጉዳይ ሲያስፈጽም አላየሁትም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአስተዳደር ማሻሻያ ሚኒስትራቸው ታሮ ኮኖ ማኅተም ከመንግሥት ወረቀት ይነሣ ብለው ዘመቱ። ልቤ ደነገጠ። ማኅተም ከሌለ ማኅተም ያዥ የለም፤ ማኅተም ያዥ ከሌለ ደግሞ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል ሊባል አይችልም። መንግሥት በምን ይቆማል?

ሥራ ተነፍጎት መስኮት ሥር ተቀምጦ ውጭ ውጭውን የሚያይ ሠራተኛም አላቸው፤ «ማዶጊዋ ዞኩ»፣ የመስኮት ሥር ወገን ይሉታል። ኩባንያው ማባረር ስለሚያፍር ያስቀምጠዋል። በእኛ በኩል መስኮቶቹ በቁጥር የታወቁ ናቸው፤ መስኮት 3፣ መስኮት 5። ከኋላቸው ሰው መኖር አለመኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ለቀልድ አይደለም፤ የሚከተለውን ግን ያለ ቀልድ ስሚኝ። በድምፅሽ ውስጥ ድካም አለ። አለቃ ሳይነሣ መነሣት ነውር ነው ብለሻል፤ ከተነሣም በኋላ «ኖሚካይ» በሚሉት የመጠጥ ግብዣ አብሮ ማምሸት አለ። በሥራ ብዛት ለሚሞት ሰው «ካሮሺ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሕጉ በ2019 እ.ኤ.አ. የትርፍ ሰዓቱን ወሰን በወር 45 ሰዓት አደረገው፤ ለተጨናነቀ ወር ግን ቀዳዳ ተወለት። ጃፓንኛው የቋንቋ ፈተናው ከፍተኛ ደረጃ ኤን 1 ላይ ካልደረሰ ብዙ በር አይከፈትም፤ ኤን 1 ቢደረስም «ሀገርሽ መቼ ነው የምትመለሺው?» የሚለው ጥያቄ በፈገግታ ይቀጥላል። ዮትሱጊ ወርደሽ ከአበሾቹ ጋር እንጀራ የምትቆርሽበት እሑድ ነው ሳምንቱን የሚያስጨርስሽ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሀገሩ ገነት ነው የሚልሽን አትስሚ፤ እኔም አላልኩም። በሥራ ብዛት የሞተ ሰው ስም እኛ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ሥራ ሲጠብቅ ላለቀው ግን ዓምድ ስላልተሠራለት አልመዘገብነውም።

በነጥብ እንደሚመዝኑሽም ነግረሽኛል። ዕድሜ፣ ዲግሪ፣ ደመወዝ፣ ቋንቋ ተደምሮ 70 ከሞላ በሦስት ዓመት፣ 80 ከሞላ በአንድ ዓመት ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይቻላል። ሰው ያለ ዘመድ በሒሳብ ሲመዘን ይቀፋል። እኛ ዘንድ 80 አያስፈልግም፤ ኃላፊው አራት ነጥብ ካደረጉ አለቀ።

እንግዲህ ስትመጪ የምትይዣቸውን ልንገርሽ። ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን አስተርጉመሽ፣ አረጋግጠሽ፣ ከአንድም ሦስት ኮፒ አድርጊ፤ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይፈለጋል፣ አንዱ ያንቺ ነው። ዋስ አዘጋጂ፤ ዋሱም ዋስ ሊጠየቅ ስለሚችል ዘመድ አታኩርፊ። ጠዋት ሄደሽ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ቢሉሽ እመኚ፤ ስለ አንቺ ዓይነቱ ወጣት ነው የሚሰበሰቡት። ከሰዓት ሄደሽ «ሲስተም የለም» ቢሉሽ አትከራከሪ። በዕድሜዬ ከመስኮት የሰማሁት እውነተኛ መልስ እሱ ብቻ ነው።

ናይቴይሽን ለኩባንያው ከመመለስሽ በፊት ግን አንድ ሌሊት እደሪበት። ሁለትም ብታድሪ አይከፋም። ኤፕሪል 1 ካለፈ በኋላም መመለስ ይቻላል፤ ነፋሱ የትም አይሄድም፣ ሚኒባሱም ይጠብቅሻል። እናትሽ «ነይ» የሚለውን ቃል ከላይ አንብባ ደስ ብሏት ቡና ልታፈላ ተነሥታለች።

ከሰላምታ ጋር
አጎትሽ፣ ሳሪስ

ግልባጭ፦
ዋናው ለእናትሽ ተሰጥቷል። አንቺ ግልባጩን ያዢ።